የባለ ድባቡ ልብ

በደራምባ መንግሥት ዝናብ በጠፋ በሁለተኛው ዓመት፣ በግምጃ ቤት ታጥፎ ሠላሳ ዓመት የተኛው የሟቹ ንጉሥ ድባብ ማንም ሳይነካው ተዘረጋ። የግምጃ ቤቱ ሹም ሊያጥፈው ታገለ፤ አልሆነለትም። ሁለት ጎረምሶች ቢጠራም እነሱም ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ። ተሸክመው ወደ አደባባይ ሲያወጡት፣ ታጥፎ በመኖሩ ማንም ያላየው ነገር ለሕዝብ ሁሉ ታየ። በቀዩ ሐር ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። በእርሷ በኩል የገባችው የፀሐይ ጨረር በንጉሥ ዘርአርማሽ ግንባር ላይ አረፈች። ንጉሡ ዙፋናቸውን ቢያስነሡ ተከተለቻቸው፤ ግንብ ውስጥ ቢገቡም በመስኮት ገባች።

ሊቃውንቱ ሰባት ቀን ብራና ሲያገላብጡ ሰነበቱ። በስምንተኛው ቀን በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ተነሥተው፣ በምድሪቱ ሳይመዘን የተፈረደበት ልብ እንዳለ፣ ያ ልብ በነዲድ ተራራ ባለው ሚዛን ላይ እስኪወጣ ድረስም ድባቡ እንደማይታጠፍና ሰማዩ እንደማይከፈት ተናገሩ። የማን ልብ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የሁሉም ዓይን ከአደባባዩ ሾላ ጥላ ውጭ፣ በጠራራው ፀሐይ ወደተቀመጡት ወደ ገላውዳ ዘሮች ዞረ።

በደራምባ የንጉሥ ራስ ተገልጦ አይታይም። ንጉሥ ለጸሎት ዘውዱን ሊያወልቅ ሲሻ ባለ ድባቡ ድባቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ያን ጊዜ አጃቢው ሁሉ በግንባሩ ይደፋል። «ድባብ ሲወርድ ዓይን ይውረድ» ይላል ሕጉ፤ ቀና ብሎ ያየ ዓይኑን ይከፍላል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የዘርአርማሽ አባት ንጉሥ አርማሽ የሰርባን ወንዝ ሊሻገሩ መልካው ላይ ሲደርሱ፣ ባለ ድባቡ ገላውዳ ሳይታዘዝ ድባቡን አወረደ። ሁለት መቶ ወታደር አሸዋ ላይ ተደፋ። ቀና ሲሉ ንጉሡ አንገታቸውን በጦር ተወግተው ወድቀዋል፣ ገላውዳም በላያቸው ተኝቷል። ጦሩን ያስወረወሩት የሸፈቱ መኳንንት በዚያው ሳምንት ተይዘው ተሰቀሉ፤ ከመሰቀላቸው በፊት ግን ገላውዳ አብሯቸው እንደማለ ተናዘዙ። ገላውዳ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለዚህ ልቡን ሳይመዝኑ ፈረዱበትና በነዲድ ተራራ ዋሻ ለሚኖረው ሰሚው ለሚባለው አውሬ ሰጡት። ዘሩም ለዘለዓለም ከጥላ ተከለከለ።

ከጥላ መከልከል ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። የልጅ ልጁ አዜባ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ኖራበታለች። የቤታቸው ክዳን ጎህ ሲቀድ ይጠቀለላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘረጋል። በአደባባዩ ሾላ ዙሪያ ነጭ ድንጋይ ተደርድሯል፤ በችሎትም፣ በሠርግም፣ በለቅሶም የእነሱ ቦታ ከድንጋዩ ወዲያ ነው። እናቷ ስምራ በዚህ በሁለት ዓመት ሐሩር ሰውነታቸው አልቆ ነበር፤ መድኃኒት አዋቂውም ሌላ አንድ በጋ ፀሐይ ላይ ከዋሉ እንደማይተርፉ ቁርጡን ነግሯታል። አዜባ እየሮጠች ያለችው ከዚያ በጋ ጋር ነበር።

የተፈረደበትን ልብ ሚዛኑ ላይ ሊያወጣ የሚችለው የራሱ ዘር ብቻ እንደሆነ በተነገረ ጊዜ ተነሥታ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ የገላውዳ የልጅ ልጅ አዜባ ነኝ። እኔ እሄዳለሁ። ያገኘሁትን፣ ቢጣፍጥም ቢመርም፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ይዤ እመለሳለሁ። ይህን ቃሌን ባጥፍ ምድር ሬሳዬን አትቀበል።»

ንጉሡ ጨረሯ ግንባራቸው ላይ እንዳለች ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። «የአባታችንን ገዳይ ልብ ለማየት ሠላሳ ዓመት ተመኝተናል» አሉ። «ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዘሩ ከጥላ ይግባ። ወንጀለኛ ሆኖ ከተገኘ ግን ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ እንኳ ከቦታው አይነሣም።»

ሁለት ሰዎችም ጨመሩላት። አንዱ ሻለቃ ድማሙ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ገላውዳን ወደ ዋሻው የወሰዱ እሳቸው በመሆናቸው ከእሳቸው በቀር መንገዱን የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ነገረ ፈጁ ኤርማስ ነበር፤ የመንግሥቱን ክስ በሚዛኑ ፊት እንዲያቆም ታዘዘ።

ኤርማስ መንገዱን ከእግሩ ይልቅ በምላሱ የሚሄድ ሰው ነው። ከከተማው በር ሳይርቁ የገላውዳን ልብ እንደ በግ ብልት ያወጣጣው ጀመር። የገላውዳ ታናሽ ወንድም የቤተ መንግሥት ውኃ ቀጂ ነበር፤ አንድ ቀን እንስራ እንደተሸከመ የንጉሡን ጥላ ረግጦ ተገረፈና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ኤርማስ ይህን በቀል ብሎ ሰየመው። ደግሞም መኳንንቱ አገር ሊሾሙት ቃል ገብተውለት እንደነበር ይወራል፤ ያንን ምኞት አለው። ከሁሉ የሚወደውን ክስ ግን ለመጨረሻ አስቀምጦ ኖሯል።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጥላ ተሸክሞ ራሱ ፀሐይ ሲበላው የኖረ ሰው» አለ እያጣጣመው፣ «ጠዋት ማታ ሲስቅ ብታዪው ታምኚዋለሽ? እኔ አላምነውም።»

በመጀመሪያው ቀን አዜባ አያቷ ንጹሕ እንደሆነ በሙሉ ልቧ ታምን ነበር። በሁለተኛው ቀን የተገረፈውን ወንድም ስታስብ ገሏቸው ቢሆንስ ብላ አዘነችለት፤ ወዲያው ደግሞ በዚያ ሐዘኗ እናቷን የከዳች መስሏት ደነገጠች። በሦስተኛው ቀን ጠላችው። አንድ ቃል ተናግሮ ቢሞት ምን ነበረበት? እነኤርማስ ሲያርፉ እሷ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ቁራሽ ጎርሳ ሳታላምጥ ትነሣለች። ነገረ ፈጁ ጉንዳን እግሯ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠየቃት። ሻለቃውን አያቷ በመንገድ ላይ ምን እንዳለ ደጋግማ ብትጠይቃቸው፣ መንገድ እንዲመሩ እንጂ ወሬ እንዲያወሩ እንዳልታዘዙ ነግረዋት ፊታቸውን ያዞራሉ። እኚህ ሰው አያቷን አምርረው እንደሚጠሉ እርግጠኛ ሆነች።

በአምስተኛው ቀን ነዲድ ምድር ገቡ። እዚያ አሸዋው ይጋገራል፣ አልፎ አልፎም ቤት የሚያህሉ ጥቁር ቋጥኞች ቆመዋል። ኤርማስ የመጀመሪያውን ቋጥኝ እንዳየ ምላሱን ሰብስቦ ወደ ጥላው ሮጠ። ሻለቃውም ዕድሜ ተጭኗቸዋልና ተከተሉት። አዜባ ግን ከልማድ የተነሣ ከጥላው ጫፍ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። በዚህ ምክንያት ነው ያየችው፤ ፀሐይዋ ባለችበት ቆማ ሳለ ጥላው ወደ ኤርማስ እግር ተሳበ።

ጥላ በሎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አካላቸው የጥላ መልክ አለው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ብርሃን አንዲት ስንዝር አይወጡም፤ ያረፈባቸውን ግን ከእግሩ ጀምረው ይውጣሉ። ኤርማስ ቁልቁል ሲያይ ሁለቱም ጉልበቶቹ የሉም። አዜባ መቀነቷን ፈትታ ወረወረችለትና ሻለቃው ወደ ብርሃኑ ዘለው ወጥተው አብረዋት ጎተቱ። ነገረ ፈጁ ጫማውንና የእግሩን ቆዳ ትቶ ወጣ። አዜባ እግሩን በመቀነቷ ጠቅልላለት፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ በጠራራው መሀል አስኬደቻቸው፤ ሲደክማቸው እናቷ ያስተማሯትን አሳየቻቸው፦ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ መቀመጥን፣ በአፍንጫ ብቻ መተንፈስን፣ ጠጠር መጥባትን። ኤርማስ ጠጠሩን ከጉንጩ ሳያወጣ ይህን ዕድሜ ልክ እንዴት እንደቻሉት ጠየቃት። እሷም የመረጠው እንደሌለ መለሰችለት።

በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ ዋሻው አፍ ደረሱ። ከደጃፉ አሥር እርምጃ ያህል ወዲህ፣ ፀሐይ በሚመታው ድንጋይ ላይ፣ የሰው አጥንት ተቀምጦ ነበር። ዋሻው ከኋላው ሰፊና ቀዝቃዛ ነው፤ ከጣሪያውም ውኃ ይንጠባጠባል። አጥንቱ ላይ የጥርስ ምልክት የለም።

«ሰሚው አልበላውም» አለች አዜባ። «ታዲያ ለምን እዚህ ተቀመጠ? ጥላው እኮ እዚያ ነው።»

ሻለቃ ድማሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው አዩዋት። «በዘሩ ላይ የተፈረደውን ሰምቶ ነበር» አሉ። አዜባ ከአጥንቱ አጠገብ ተንበረከከች፤ በመንገድ ያደረባት ጥላቻ የት እንደገባ አላወቀችም፤ አለቀሰች።

ሰሚው በዋሻው ሆድ ውስጥ ሚዛኑን ከቦ ተኝቷል። ዝሆን ያክላል፣ ዓይን የሚባል አልተፈጠረለትም፤ ጆሮዎቹ እንደ ተዘረጋ ቁርበት መሬት ላይ ተነጥፈዋል። ድምፁ ከድንጋዩ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

«የሦስት ሰው ልብ ሰማሁ። ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ? የዋሸኝን እበላለሁ።»

ኤርማስ ጉሮሮውን ጠርጎ ለፍትሕ እንደመጣ ተናገረ። አንደኛው ጆሮ ከመሬት ተነሣ። ነገረ ፈጁ ፊቱ አመድ ለበሰና፣ ከዚህ ሲመለስ የዳኞች አለቃ ሆኖ መሾም እንደሚፈልግ፣ ለሌላው ብዙም ደንታ እንደሌለው አመነ። ጆሮው ተመልሶ ተነጠፈ። አዜባ የአያቷን ንጽሕና ላረጋግጥ ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ውሸት መሆኑ ገባት።

«ጥላ ፈልጌ ነው» አለች። «ቢገድልም ባይገድልም እናቴ ጥላ እንድታገኝ እፈልጋለሁ።»

የሰሚው ጆሮዎች ከመሬት አልተነሡም። ሦስተኛው ሰው ተራቸው ነበር። ሻለቃ ድማሙ ጦራቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

«እኔ የመጣሁት ነገሩ እንዳይታወቅ ልጠብቅ ነበር» አሉ።

አዜባ ምን ማለታቸው እንደሆነ ልትጠይቃቸው ዞረች። ሰሚው ግን ድንጋዩን እንድታነሣ አዘዛት። በልቡ ፈንታ የሚመዘነው፣ የገላውዳ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሠላሳ ዓመት ከሚዛኑ ሥር ወድቆ ኖሯል። አንሥታ በግራው ሳህን ላይ ስታኖረው ሚዛኑ ወዲያው አዘነበለ፤ ሳህኑ ወለሉን ነካ።

«ይህ መሐላው ነው፤ ንጉሡን ሊያስገድል ምሏል» አለ ሰሚው። «በቀኙ ላይ ቃሉን የሚያኖርለት ሰው ሠላሳ ዓመት ጠበቅሁ። ያየ ይናገር፤ ያየበትንም ይከፍላል።»

አዜባ ያየችው ነገር አልነበራትም። የራሷን ሕይወት ላኑር ብላ ብትጠይቅ የሷ ልብ በዚያ ቀን አልነበረም ተባለች። ያን ጊዜ ሻለቃው ወደ ሚዛኑ ቀረቡና እጃቸውን በቀኙ ሳህን ላይ አድርገው ቆሙ።

«እኔ ድማሙ፣ በሰርባ መልካ ላይ በሃያ ስምንት ዓመቴ ከንጉሥ አርማሽ ኋላ ነበርኩ» አሉ። «ቀኑ ይለበልባል። ንጉሡ ዞር ብለው አዩትና ‹ገላውዳ፣ ፀሐይዋ በላችህ፤ ወደ ጥላው ግባ› አሉት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብለውት አያውቁም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ድባቡን ሊያወርድ ምሎ ነበር፤ አላወረደም፤ ቀጥ አድርጎ እንደያዘው ቀረ። ምልክቱ ቢዘገይ ከቁጥቋጦው ውስጥ ያለው ሰው ብድግ አለና ጦሩን ሰበቀ። ገላውዳ ያን ጊዜ ድባቡን ጋሻ አድርጎ በጦሩ ፊት አወረደው። እኛ ደግሞ ድባብ ወርዷልና ተደፋን። አንድ ሰው እንኳ ጋሻውን አላነሣም። እኔ ግን ቀና አልኩ። ንጉሡ ራሰ በራ ናቸው ይባል ነበር፣ ለማየት ጓጉቼ ነው። ጦሩ ሐሩን በስቶ ሲያልፍ አየሁ። ንጉሡንም አየሁ፤ ዘውዳቸው ወድቋል፣ ራሳቸው እንደማንኛችንም ራስ ነበር። ገላውዳ ደግሞ እኔን አየኝ።»

ቀጥለውም፣ ወደዚህ ሲያመጡት ለምን እንዳልተናገረ በመንገድ ላይ እንደጠየቁት፣ እሱም የመሰከረለት ሰው ዓይኑን ማጣቱ እንደማይቀር እንደመለሰላቸው ተናገሩ። «‹ወጣት ነህ፤ ዓይንህን ጠብቅ› አለኝ። ጠበቅሁ። ሠላሳ ዓመት።»

ይህን ብለው ሲጨርሱ በዓይኖቻቸው ውስጥ የነበረው ብርሃን እንደ ኩራዝ ቀስ እያለ ወረደ። ሁለት ነጭ ጠጠሮች በሳህኑ ላይ ተንኳኩ። ግራው ከወለሉ ተነሣ፣ ከፍ አለ፤ ሁለቱ ሳህኖች ትክክል ሲሆኑ ቆሙ። በትሩ ተንቀጠቀጠ እንጂ ወደየትም አላዘነበለም። አዜባ፣ ሻለቃውን ዓይንህን ጠብቅ ማለቱስ አይመዘንም ወይ ብላ ጠየቀች። ሰሚው፣ ሚዛኑ የሚመዝነው በንጉሡ ላይ የሆነውን ብቻ እንደሆነ፣ ያ ሌላው ግን የሻለቃው ሸክም እንደሆነ መለሰላት።

ከዋሻው ሲወጡ አዜባ ወደፊት ሄደች። ሽማግሌው በእጃቸው ዓለቱን እየዳበሱ ከኋላ ይመጣሉ። የእነዚህ ሁለት ዓይኖች ዋጋ የእናቷ ቆዳ ነበር፤ የእናቷ ሠላሳ ዓመት ነበር። የገደሉ መንገድ ጠባብ ነው፤ አንድ እርምጃ ቢስቱ ያበቃላቸዋል፣ እሷ ገፋቻቸው የሚልም አይኖርም። ሻለቃው ምሩኝ አላሉም። አዜባ ከአያቷ አጥንት አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ እሱ ይህን ሰው ለማዳን ሲል እዚህ ተቀምጧል። እያነባች ተመለሰችና እጃቸውን ያዘች።

በመመለሻው የኤርማስ ምላስ ተፈታ። ንጉሡ ንጹሕ ወይም ወንጀለኛ አሉ እንጂ ትክክል ስለሆነ ሚዛን አልተናገሩም። ከሚዛኑ ፊት የቆሙት ሦስት ናቸው፣ አንዱም ከእንግዲህ ምን አየህ አይባልም። ንጹሕ ነው ብትል ማን ይከራከራታል? እሱ ራሱ፣ እግሩን ካወጣችለት ወዲህ፣ አፉን እንደሚዘጋ ቃል ገባላት፤ ይህም ከኤርማስ ትልቅ ስጦታ ነበር። አዜባ ሰባቱን ቀን ሙሉ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። የእናቷን ፊት ስታስብ ንጹሕ ነው ልትል ትወስናለች። የአያቷን አቀማመጥ ስታስብ ደግሞ ውሳኔዋን ታጥፋለች። እሱ እንኳ ራሱን ንጹሕ አላለም፤ ጥላውን ትቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ሕዝቡ ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ ነበር። እናቷ ከድንጋዩ ወዲያ በሰው ተደግፈዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ድባቡ እንደተዘረጋ ነው፣ ጨረሯም ከንጉሡ ግንባር አልተነሣችም። አዜባ እናቷን አየች። ከዚያ ወደ ንጉሡ ዞራ ተናገረች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አያቴ አባትዎን ሊያስገድል ምሏል። ከዚያም መሐላውን አፍርሶ ሊያድናቸው ሞክሯል። ሚዛኑ ትክክል ቆመ። ንጹሕ ነው ልል አልችልም። ያየሁት ይህ ነው።»

ሕዝቡ ጉምጉም አለ። ሻለቃ ድማሙ እየተመሩ ቀርበው በዋሻው የተናገሩትን አንድም ሳያስቀሩ ደገሙት። ንጉሥ ዘርአርማሽ አባታቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ የሚያስታውሱት የአባታቸውን ቁጣ ብቻ ነው። ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አባታችን በመጨረሻ ያሉት ምንድን ነው? ቃሉን ድገምልን።»

«‹ገላውዳ፣ ፀሐይዋ በላችህ፤ ወደ ጥላው ግባ።›»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። «እኛ ንጹሕ ቢሆን ብለን ፈርደን ነበር፣ ወንጀለኛ ቢሆንም ፈርደን ነበር» አሉ። «ከእኛ በፊት ግን ሌላ ትእዛዝ ወጥቶ ኖሯል። ንጉሥ አርማሽ ገላውዳን ወደ ጥላው ግባ ብለውታል። እርሱ ሳይገባ ሞተ። የአባታችን የመጨረሻ ቃል ሠላሳ ዓመት ሳይፈጸም አደረ። ዛሬ ዘሩ ይፈጽመው።»

ይህን ሲሉ ድባቡ ሲጥ ብሎ ታጠፈ። አዜባ የመጀመሪያውን ነጭ ድንጋይ ከመሬት ነቅላ ወረወረች። እናቷ ግን መስመሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸው አልንቀሳቀስ አለ። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና በሌለው ድንጋይ ፊት ቆሙ። አዜባ አቅፋ አስገባቻቸው፤ የሾላውን ግንድ አስደግፋ አስቀመጠቻቸውም። ስምራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቅዝቃዜውን ፊታቸው ላይ በሁለት እጃቸው እንደ ውኃ አሻሹት።

ሻለቃ ድማሙ አልገቡም። ለምነው ከነጩ ድንጋይ መስመር ወዲያ፣ የገላውዳ ዘሮች ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀመጡ። አዜባ እናቷን ውኃ አጠጥታ ወደ እሳቸው ወጣችና አጠገባቸው ቁጭ አለች። ከዚያ ሽማግሌው በድንገት አንገታቸውን ቀና አደረጉና እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሡ።

«ፀሐይዋ ከላዬ ሄደች» አሉ። «ማነው ጥላ የያዘልኝ?»

አዜባ ወደ ሰማይ አየች።

«ማንም አልያዘልዎትም» አለቻቸው። «ደመና ነው።»